ሞተር ውሃ ሲምግ
የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎቻችን መልስ

ክረምቱ ሲቃረብ ስለ አየር ማስገቢያና ስለ ጎርፍ የሚመጡ ጥያቄዎች ይበዛሉ። አብዛኞቹ አንድ ሥር ስላላቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አሰባስበናቸዋል።

ጥያቄ፦ 1.6 ሊትር ኮሮላ አለኝ። በበጋው ኮልድ ኤር ኢንቴክ (ከሞተሩ ሙቀት ውጭ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦና ፊልትሮ) አስገጥሜበታለሁ። ፊልትሮው ከፊት ፓራውልት ጀርባ፣ ከጎማው ፊት ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ድምፁ ደስ ይላል። ጓደኞቼ ግን «ክረምት ሲገባ ሞተርህን ትቀብራለህ» ይሉኛል። ፊልትሮ እያለው ውሃ እንዴት ሊገባ ይችላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ አላጋነኑም። ፊልትሮ የሚይዘው አቧራ እንጂ ውሃ አይደለም። ወረቀትም ሆነ በዘይት የራሰ ጨርቅ፣ ከወዲያ በኩል ሞተሩ እየሳበ ከሆነ ውሃውን ያሳልፈዋል። የመሳቡን ኃይል ለመገመት ቀላል ስሌት እንሥራ። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሙሉ መጠኑን ይስባል። የእርስዎ 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ በሰከንድ እስከ 40 ሊትር አየር ይወስዳል፤ በየሰከንዱ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። የፊልትሮው ግማሽ ውሃ ውስጥ ከገባ ከአየሩ ጋር ምን ያህል ውሃ እንደሚሄድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ እንግባ። የእርስዎ ሞተር አንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ ነው። የማመቅ መጠኑ 10 ለ 1 ቢሆን፣ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ 44 ሲሲ ብቻ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይሞላዋል፤ የቡና ስኒ እንኳ አያስፈልግም። አየር ሲታመቅ ይጠባል፣ ውሃ ግን አይጠብም። ቫልቮቹ ዝግ ናቸው፣ ፒስቶኑ እየወጣ ነው፣ ውሃው መሄጃ የለውም። በ3,000 ዙር ፒስቶኑ ከታች እስከ ላይ የሚወጣው በሰከንድ አንድ መቶኛ ውስጥ ስለሆነ የሚሰበር ነገር ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ ቢዬላው (ፒስቶኑን ከታች ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ይታጠፋል። ሀይድሮሎክ የሚባለው ይህ ነው።

ፋብሪካው የአየር መሳቢያውን አፍ ከራዲያተሩ የላይኛ ጠርዝ አጠገብ ወይም ከፊት መብራቱ ጀርባ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊልትሮው ሳጥን ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳም የተረጨ ውሃ እንዲንጠባጠብባት ነው። የእርስዎ አዲስ ቱቦ ሁለቱንም አስቀርቷል።

ሜትር ይዘው ከመሬት እስከ ፊልትሮው የታችኛ ጠርዝ ድረስ ይለኩ። ከዚያ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱ፤ መኪናው ራሱ የሚገፋው ማዕበልና ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና የሚልከው ሞገድ ውሃውን ያን ያህል ከፍ ያደርጉታል። የቀረው ቁጥር ሊገቡበት የሚችሉት ጥልቀት ነው። ፊልትሮው ከመሬት 28 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 13 ይቀርዎታል ማለት ነው፤ ይህን የሚያህል ጉድጓድ ደግሞ የትም አለ። ዝናብና የጎማ ርጭት ብቻውን ሞተር አይገድልም፤ በፓራፋንጎው ውስጥ ያለው የፕላስቲክ መከላከያ በቦታው ካለ ፊልትሮው ቢረጥብም ይደርቃል። አደጋው መጥለቁ ላይ ነው። ምክራችን ግልጽ ነው፤ የፋብሪካውን ሳጥን ካልሸጡት ከሰኔ እስከ መስከረም ይመልሱት። ሥራው ካቻቢቴ፣ ባለ 10 ቁልፍና ግማሽ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ድልድይ ሥር የተኛ ጎርፍ ውስጥ ገብቼ መኪናዬ ቀጥ ብላ ጠፋች። የተሰበሰቡት ሰዎች በስፒንታ (ገፍተን) እናስነሳት ብለው ነበር፤ እኔ እምቢ ብዬ አስጎትቼ ቤት አምጥቻታለሁ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ሞክሬው «ቋ» ብሎ ቆሟል። አሁን ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እምቢ ማለትዎ ሞተሩን አድኖት ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖ (በቁልፍ የሚሠራው ማስነሻ) ውሃ ያለበትን ሲሊንደር ሲገፋ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸነፋል። በስፒንታ ሲሆን ግን ከአንድ ቶን በላይ የሆነ መኪና ግፊቱን በጎማውና በካምቢዮው በኩል ወደዚያች ቢዬላ ያሳርፈዋል፤ ያኔ የምትሸነፈው ቢዬላዋ ናት። ጎርፍ ውስጥ ለጠፋ መኪና ስፒንታ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ቁልፉም ሁለተኛ አይዞርም።

ሥራው በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የፊልትሮውን ሳጥን ይክፈቱ። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ፣ ከፊልትሮው እስከ ትሮትሉ (የሚገባውን አየር መጠን የሚቆጣጠረው በር) ያለው ቱቦም በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ካልረጠበ፣ ሞተሩን ያጠፋው የረጠበ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ ችግር ሊሆን ይችላል። አንዱ እርጥብ ከሆነ ግን ውሃ እንደጠጣ ቆጥረው ይቀጥሉ። «ቋ» ያለው ድምፅም ወደዚያው ያመለክታል። ቀጥሎ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ይምዘዙ፤ ልኩ ከነበረበት ከፍ ካለ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃው ታች ደርሷል፤ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ከዚያ ኮይሎቹንና ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ፤ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝም ይንቀሉ። የፊተኛው ፑሌጃ ቡሎን ላይ ቁልፍ አስገብተው (በብዙ ቶዮታዎች 19 ወይም 22 ነው) ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። አቅጣጫው ፑሌጃውን ፊት ለፊት ሲያዩት ወደ ቀኝ ነው፤ የድሮ ሆንዳዎች ብዙዎቹ ግን ወደ ግራ ስለሚዞሩ ሆንዳ ከሆነ አስቀድመው ያጣሩ። እጅዎ ላይ ጠንከር ብሎ ከቆመ አይታገሉት፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) መውረድ ይኖርበታል ማለት ነው። በነጻ ከዞረ ባትሪውን መልሰው በሞተሪኖ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ያዙሩት። ከካንዴላ ቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ኃይለኛ ስለሆነ ማንም ሰው ኮፈኑ ላይ አጎንብሶ እንዳይቆም። ጭጋግ እንኳ እስከማይወጣ ድረስ ይድገሙት።

ይህን ሁሉ ዛሬውኑ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ባደረ ቁጥር ግድግዳው ይዝጋል፣ የፒስቶኑ ቀለበቶችም ይጣበቃሉ። ሜካኒክ እስኪመጣ መጠበቅ ካለብዎ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው በእጅ ያዙሩት። ይህች ማንኪያ ዘይት ብዙ ሞተር አትርፋለች።

ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ያስለኩ፤ ካንዴላ ሁሉ ወጥቶ፣ ትሮትሉ ሙሉ ተከፍቶ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። መጽሐፉ 13 ባር የሚለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 10 አካባቢ፣ አዳማ ላይ 11 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ ከፍታውን ሳያስቡ «ሞተርህ ደክሟል» የሚሉ አሉና ይጠንቀቁ። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ቢዬላው ይጠርጠር። ቢዬላ ታጥፎ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጥር እንኳ የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ኮምፕሬሽን አሥራ አንድ በመቶ ያህል ይወርዳል።

ካንዴላው ቀጥ ብሎ ከላይ የሚገባበት ሞተር ከሆነ ሌላም ማረጋገጫ አለ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በቀዳዳው አስገብተው ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምልክት ያድርጉ፤ በአራቱም ላይ ይድገሙት። አንዱ ላይ ዘንጉ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ዝቅ ካለ ሞተሩን አያስነሱ። ብረት አይጠቀሙ፤ ፒስቶኑን ይጭራል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይረው፣ አዲስ የአየር ፊልትሮ አስገብተው፣ ቱቦውንና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን አድርቀው ያስነሱ። 15 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ያሙቁት። ዘይቱ ነጣ ብሎ ከነበረ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ውሃ ገብቶበት የነበረው ሞተሬ ደርቆ ተነስቷል፤ ሦስት ሳምንት ነድቼዋለሁ። አሁን በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች ቀለል ያለ ኳኳታ አለው፣ ዘይትም መብላት ጀምሯል። ካንዴላ ቀይሬ አልተሻለውም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መኪናውን ዛሬ ያቁሙት። የተናገሯቸው ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታጠፈ ቢዬላ ነው። ቢዬላ ሲታጠፍ የግድ ወዲያው አይሰበርም። ጎብጦ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ፒስቶኑን ግን ወደ ጎን ስለሚጫነው የሲሊንደሩ ግድግዳ በአንድ በኩል ይበላል፣ ቀለበቶቹ ዘይት ያሳልፋሉ፣ የታችኛው ብሮንዝም (ቢዬላው የሚዞርበት ማቀፊያ) በጠርዙ ይለበሳል። የጎበጠው ብረት በየዙሩ እየደከመ ሄዶ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ላይ እያሉ፣ ይበጠስና የሞተሩን ብሎክ ጎን በስቶ ይወጣል። ዛሬ ቢከፈት የሚያስወጣዎት የአንድ ቢዬላ፣ የብሮንዝና የጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ዋጋ ነው፤ ያን ቀን ግን ሙሉ ሞተር ነው።

ሜካኒኩ ከመክፈቱ በፊት በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ ያስገባ። በሲሊንደሩ አናት ላይ ፒስቶኑ የማይደርስበት የካርቦን ቀለበት አለ፤ በአንዱ ሲሊንደር ላይ ይህ ጥቁር መስመር ከሌሎቹ ሰፍቶ ከታየ ያ ፒስቶን ቀድሞ ይደርስበት ወደነበረው ከፍታ አይደርስም ማለት ነው። የተጎዳውን ቢዬላ ቀጥቅጦ ማቅናት የሚባል ነገር አይቀበሉ። አዲስ ወይም ከጤነኛ ሞተር የወጣ፣ ክብደቱ ከሌሎቹ ጋር የሚመጣጠን ይግባ።

ጥያቄ፦ የምነዳው ሆንዳ ሲቪክ ነው፤ ረጅም ኢንቴክ አለው። እዚህ ውሃ ሲመጣ አየር የሚያስገባ ባይፓስ ቫልቭና ውሃ የማያስገባ የፊልትሮ ልብስ ይሸጣል። ይበቃል? ኢንሹራንስስ ይከፍላል? (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ልብሱ ለርጭት ይረዳል፤ ለመጥለቅ ግን ምንም አያደርግም። ባይፓስ ቫልቩ የተሻለ ሐሳብ ነው። በቱቦው መሐል፣ ከፊልትሮው ከፍ ብሎ ይገባል፤ ፊልትሮው ውሃ ውስጥ ሲገባና የመሳብ ኃይሉ ሲበረታ የቫልቩ ላስቲክ ይከፈትና ሞተሩ ከላይ አየር ያገኛል። ሁለት ገደብ አለው። ቱርቦ ላለው ሞተር አይሆንም፤ የጎርፉ ከፍታ ቫልቩ ራሱ ጋ ከደረሰም ዋጋ የለውም። ከቫልቩ የምናስቀድመው ሌላ መላ አለ፤ ብዙ ረጃጅም ኢንቴኮች ሁለት ቁራጭ ስለሆኑ የታችኛውን ቁራጭ አውጥተው ፊልትሮውን በፋሸታ የላይኛው ላይ ያሥሩት። ከኮፈኑ ሥር የሚሳበው አየር ይሞቃል፣ ጉልበትም ትንሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የጎርፍ ጉዳት የሚሸፈነው ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ክፍል ነው። ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከገዙ አንድ ሳንቲም አያገኙም። ኢንቴኩ የተጨመረ ዕቃ ስለሆነ አስቀድመው ለኩባንያው ያሳውቁና ምላሹን በጽሑፍ ይያዙ። የሀገሪቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎት 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የብዙ የቤት መኪኖችን ሆድ እንደሚነካና መቆጣጠር እንደሚያሳጣ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ደግሞ ብዙ መኪኖችን እንደሚያንሳፍፍ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ሕይወትዎ አለ፤ የሚፈስ ውሃ ሲያዩ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ መኪናዬ ጉልበት ያንሰዋል። ኮልድ ኤር ኢንቴክ ይመልስልኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይመልስም። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን የሚያካክስበት መንገድ የለውም፤ ቱቦ መቀየር ግፊት አይጨምርም። የሚገባው አየር በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ በ1 በመቶ ያህል ይጨምራል። የፋብሪካው አፍ ደግሞ ከመጀመሪያውም ከሞተሩ ሙቀት ውጭ፣ ከግንባር ነው የሚስበው። ስለዚህ የሚያተርፉት ጥቂት ነው። የሚሰሙት የጎላ ድምፅ የመጣው ድምፅ የሚያፍነው ሣጥን ስለወጣ እንጂ ጉልበት ስለጨመረ አይደለም።

በዚያ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ግልጥ ሆኖ የተቀመጠ ኮን ፊልትሮ ከሳጥኑ በላይ አቧራ ይቀበላል። በዘይት የሚታጠብ ዓይነት ከሆነና ዘይቱ ከበዛበት ደግሞ ወደ አየር መለኪያ ሴንሰሩ እየተተፋ ሽቦውን ይሸፍነዋል፤ ቱቦው ከፋብሪካው ሲሰፋም ሴንሰሩ የሚያነበው ይዛባል። ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮድ ፒ0171 ካነበቡ፣ ማለትም አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ካለ፣ መጀመሪያ ሴንሰሩን ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ያጽዱ፤ በጣትም በጨርቅም አይንኩት። ጉልበት ከፈለጉ ገንዘቡን ንጹሕ ፊልትሮ፣ ትክክለኛ ካንዴላና የተጠረጉ ኢንጀክተሮች ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ዲዝል ሃይሉክስ በመስክ ሥራ እንነዳለን፤ ወንዝ እንሻገራለን። ስኖርክል (አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ) ካስገጠምን ሥጋታችን ያበቃል? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ በደንብ ከተገጠመ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ስኖርክሎች ለአቧራ እንጂ ለውሃ ያልታሸጉ ናቸው። መጋጠሚያው ሁሉ ሲሊኮን ይቀባ፣ በፋሸታ ይታሠር፣ የፊልትሮው ሳጥን ሥር ያለው የጎማ ማንጠባጠቢያም ጤነኛ መሆኑ ይታይ። ከዚያ በሚኒሞ ላይ እያለ የስኖርክሉን አፍ በወፍራም ፕላስቲክ ይዝጉት። ሞተሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ታፍኖ መጥፋት አለበት። መሥራቱን ከቀጠለ በሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው፤ አየር የገባበት ደግሞ ውሃም ይገባበታል።

ዲዝል ከቤንዚን ይልቅ መጠንቀቅ ያሻዋል። 2.5 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ዲዝል 18 ለ 1 ቢያምቅ፣ ሲሊንደሩ ከኮሮላው ቢበልጥም ከፒስቶኑ በላይ የሚቀረው 37 ሲሲ ብቻ ነው። ውሃ ከገባ ማውጫው በግሎ ፕላግ (የዲዝል ሲሊንደር ማሞቂያ) ቀዳዳ ነው። ኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ውስጥ የተጠራቀመውንም የታችኛውን ቱቦ ፈትተው ያፍስሱ፤ ይህን የረሱ ሰዎች ሞተሩን ካደረቁ በኋላ ሲያስነሱት ያንኑ ውሃ መልሰው ያስምጉታል።

ከሞተሩ ሌላ ዲፈረንሻሉና ካምቢዮው መተንፈሻ አላቸው። ሲነዳ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይጨማደድና ውሃ በመተንፈሻውና በፓራዘይቱ (በዘይት ማሸጊያ ጎማው) በኩል ይስባል። የመተንፈሻ ቱቦዎቹን ወደ ኮፈን ከፍታ ያውጡ፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱም ጥቂት ቆመው ያቀዝቅዙ። ሲሻገሩ በሎው አንደኛ ማርሽ፣ በእግር በሚኬድ ፍጥነት፣ ሳይቆሙ፣ ማርሽ ሳይቀይሩ ይሂዱ። ማዶ ሲደርሱ ፍሬኑን ደጋግመው እየያዙ ያድርቁት፤ በማግስቱ የዲፈረንሻሉን ዘይት ይዩ፤ ነጥቶ ካገኙት ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ሞተሩን በግፊት ውሃ ሲያጥቡት ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የፋብሪካ ሳጥን ካለውና ክዳኑ ከተዘጋ ብዙም የለውም። ግልጥ ኮን ፊልትሮ ከሆነ ግን አለው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይሁን፤ ፊልትሮው፣ ዲናሞውና ኮይሎቹ በፌስታል ይሸፈኑ፤ ሲታጠብ ሞተሩ ፈጽሞ እንዳይነሳ። ፊልትሮው ከራሰ ፈትተው ያራግፉትና በጥላ ያድርቁት፤ በግፊት አየር አይንፉት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ከጎርፍ የወጣ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ እንደነበር እንዴት ልወቅ? (ከሻርጃ)

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣለው ዝናብ በኤምሬትስ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከባዱ ነበር፤ ብዙ መኪና ውሃ ውስጥ አድሯል። የፊልትሮውን ሳጥን ይክፈቱና ወረቀቱን ሳይሆን የሳጥኑን ማዕዘኖች ይዩ፤ ወረቀት ይቀየራል፣ ማዕዘን ላይ የደረቀ ደለል ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠረግ ይቀራል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ይሳቡት፤ የውሃ መስመር ካለ እዚያ ይታያል። የወንበር ቡሎኖች ዝገት፣ ከምንጣፉ ሥር እርጥበት፣ ከፊት መብራት ውስጥ ጉም ይፈልጉ። እነዚህ አንዳቸው ከተገኙ ሻጩን ኮምፕሬሽን እንዲያስለካና የሲሊንደሩን ግድግዳ በካሜራ እንዲያሳይ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ መኪናውን ይተዉት።